ሰባት መቶ ሃያ ሺህ ሰባት መቶ ሃያ

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ በእድራችን የቆርቆሮ አዳራሽ፣ ለክረምት ተማሪዎችና ለወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። አንድ ልጅ በስልኩ ቀድቶልኝ ነበር፤ ሳሌንና የዝናቡን ጩኸት አውጥቼ የቀረውን እንዳለ ገልብጬዋለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ዋላችሁ?

አይ፣ ይሄ አነሰ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ከእናንተ በላይ እየጮኸ ነው። እንደምን ዋላችሁ? እህ፣ እንደሱ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የእድራችን ሽማግሌዎች፣ ልጆች፣ በዚህ ጭቃ እዚህ ድረስ በመምጣታችሁ አመሰግናለሁ። የሰፈራችንን መረሬ የማያውቅ የለም፤ ከብሎካችሁ ወጥታችሁ እዚህ እስክትደርሱ አንዱ ጫማ ሁለት ኪሎ ይሆናል። ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ ይሄ ሁሉ የጤፍና የሽምብራ መሬት ነበር። አፈሩ አልረሳም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ያስታውሰናል።

የእድራችን ጸሐፊ ባለፈው ሳምንት ቤት ድረስ መጥቶ «ቲቸር፣ ለልጆቹ ስለ ሒሳብ ጥቅም ይንገሩልን» አለኝ። እሺ ብዬዋለሁ። ዋሽቼዋለሁ፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። ስለ ጥቅም አላወራም። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ የማውቀው ነገር ቢኖር ስለ ጥቅም ሲወራ ልጆች እንደሚተኙ ነው። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ቁጥር ነው። ስለ አንድ ቁጥር ብቻ! ይኸውላችሁ፣ ሰሌዳው ላይ ልጻፈው።

720720

አንብቡልኝ እስቲ፣ ሁላችሁም። ሰባት መቶ ሃያ ሺህ፣ ሰባት መቶ ሃያ። ጎበዞች።

ስለዚህ ቁጥር ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ ስለ ልብሱ። ሁለተኛ ስለ አጥንቱ። ሦስተኛ ስለ ጎረቤቶቹ። ሦስተኛው ላይ እኔ ተማሪዎቼ ፊት የተዋረድኩበት ታሪክ ስላለ እስከዚያ ማንም እንዳይወጣ።

ልብሱ እንበል። ይህን ቁጥር ስታዩት መጀመሪያ ዓይናችሁ ውስጥ የሚገባው ምንድን ነው? አንድ ልጅ ይመልስልኝ። አዎ፣ አንተ። «ተደግሟል!» አለ። ትክክል። 720 ብሎ እንደገና 720 ይላል። ያምራል። አሁን ጥያቄዬን ስሙኝ፤ ይሄ መደጋገም የቁጥሩ ነው ወይስ የአጻጻፉ?

ዝም አላችሁ። እስቲ እናቶች ይርዱን። የጸሎት መጽሐፍ የምታነቡ እናቶች ይህን ታውቁታላችሁ፤ በግዕዝ ልጻፈው።

፸፪፼፯፻፳

ሰባ ሁለት እልፍ፣ ከሰባት መቶ ሃያ። እልፍ ማለት ዐሥር ሺህ ነው። ያው ቁጥር ነው፤ አንድም አልጨመርኩም፣ አንድም አልቀነስኩም። መደጋገሙ የታለ? ፈልጉልኝ! የታለ? የለም። ምክንያቱም በዛሬው አጻጻፍ ቁጥሩን ሺህ ላይ ቆርጠን እናነበዋለን፤ ግዕዙ ግን በመቶና በእልፍ ነው የሚቆርጠው። ቢላዋው ሌላ ቦታ ሲያርፍ ቁራጩም ሌላ ሆነ። ሰውዬው ሰኞ ሱፍ ለብሶ አያችሁት፣ እሑድ ጋቢ ደርቦ አያችሁት፤ ሰውዬው ግን አንድ ነው።

ይህን የምለው ለምንድን ነው? ሰዎች ስለ ቁጥር ሲያወሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ልብሱ ነው። «የሚያምር የስልክ ቁጥር» እያሉ ለተደጋገመ አሃዝ ብር የሚጨምሩ አሉ። ይጨምሩ፤ ገንዘቡ የራሳቸው ነው። ግን የሚገዙት ቀሚስ ነው። ለ3 ሲካፈል አንድም ሳይቀር የሚያልቅ ቁጥር ግን በግዕዝ ጻፉት፣ በአረብኛ ጻፉት፣ ጠጠር አድርጋችሁ መሬት ላይ አፍስሱት፣ ለ3 ይካፈላል። ያ የራሱ ነው።

ቆዩ ግን፣ ልብስን ጨርሼ አልንቅም። ልብስ አንዳንድ ጊዜ አጥንትን ያሳብቃል። እስቲ አንድ ሰው ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ይስጠኝ። እርስዎ እናቴ፣ የቤት ቁጥርዎ ስንት ነው? 416? ይሁን። ሁለት ጊዜ እጽፈዋለሁ፤ 416416። ስልክ ያላችሁ አውጡ፣ ዛሬ ተፈቅዷል። ለ7 አካፍሉት። 59488 መጣ? ቀሪ አለው? የለውም። እሱን ለ11። 5408። አሁንም ቀሪ የለም። እሱን ደግሞ ለ13። ስንት መጣ?

416! እናታችን ቤታቸው ገቡ። (ሳቅ)

አስማት አይደለም። ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥርን ሁለት ጊዜ መጻፍ ማለት በሺህ አብዝቶ ራሱን መጨመር ነው። ማለትም በ1001 ማብዛት። 1001 ደግሞ 7 ጊዜ 11 ጊዜ 13 ነው። ስለዚህ የማንኛችሁንም የቤት ቁጥር ብትደግሙት 7፣ 11 እና 13 ሳይጠሩ ይመጣሉ። የኛም ቁጥር 720 ጊዜ 1001 ነው።

720ን ደግሞ እናውቀዋለን። ወራችን ስንት ቀን ነው? 30። ቀኑ ከነሌሊቱ ስንት ሰዓት ነው? 24። አብዙት። 720! ከመስከረም እስከ ነሐሴ እያንዳንዱ ወራችን ልክ 720 ሰዓት ነው። የፈረንጁ ወር አንዴ 31፣ አንዴ 28 እያለ ይሄ አይሠራለትም። እንግዲህ 720720 ማለት በኛ አቆጣጠር የ1001 ወር ሰዓት ነው። 1001 ወር ስንት ዓመት ነው? 83 ዓመት ከ5 ወር። ጳጉሜን አልቆጠርኳትም፤ ጳጉሜ ምርቃት ናት። እኔ ዘንድሮ 71 ሞልቶኛል። ቢሰላ 852 ወር ነው። ይህን ቁጥር ለመሙላት 149 ወር ይቀረኛል ማለት ነው። አሜን በሉኛ! አመሰግናለሁ።

እሺ፣ ወደ አጥንቱ። ዋናው ይሄ ነው፤ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ቁጥርን ስታፈርሱት፣ ስታፈርሱት፣ ከዚያ በላይ የማይፈርስበት ቦታ ይደርሳል። የማይፈርሱት ብቸኛ ቁጥሮች ይባላሉ፤ ሃይስኩል ስትገቡ ፕራይም የምትሏቸው። ከአንድና ከራሳቸው በቀር የሚያካፍላቸው የለም። የኛ ቁጥር ሲፈርስ ይህን ይመስላል።

2 × 2 × 2 × 2 × 3 × 3 × 5 × 7 × 11 × 13

አራት ሁለቶች፣ ሁለት ሦስቶች፣ ከዚያ አንድ አምስት፣ አንድ ሰባት፣ አንድ ዐሥራ አንድ፣ አንድ ዐሥራ ሦስት። በቃ። እዚህ ውስጥ ትልቅ ነገር የለም፤ ሁሉም ትናንሽ ናቸው። ታዲያ ጥያቄው፦ ስንት አካፋይ አለው? ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት ቁጥሮች ስንት ናቸው?

አንድ በአንድ ከቆጠርን ይመሻል። ስለዚህ በር ላይ ሻይ ወደምትሸጠው እህታችን እንሂድ። አዎ፣ አንቺ፣ አትደበቂ! እህታችን ጋ ስኳር እስከ አራት ማንኪያ ይፈቀዳል። ቦንቦሊኖ እስከ ሁለት። ከዚያ ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ቅርንፉድ፣ ጤና አዳም፤ እነዚህን ወይ ትጨምራለች ወይ ትተዋለች። ስንት ዓይነት ትእዛዝ አለ?

ስኳር፦ ባዶ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስት ምርጫ። ቦንቦሊኖ፦ ባዶ፣ አንድ፣ ሁለት። ሦስት ምርጫ። አምስት ጊዜ ሦስት 15። ሎሚ ይግባ አይግባ፣ 30። ዝንጅብል፣ 60። ቅርንፉድ፣ 120። ጤና አዳም፣ 240። ሁለት መቶ አርባ ዓይነት ትእዛዝ!

አሁን እያንዳንዱን የስኳር ማንኪያ 2 በሉት። እያንዳንዱን ቦንቦሊኖ 3 በሉት። ሎሚን 5፣ ዝንጅብልን 7፣ ቅርንፉድን 11፣ ጤና አዳምን 13። አንድ ሰው መጥቶ «ሁለት ስኳር፣ አንድ ቦንቦሊኖ፣ ሎሚ» ቢል ምን አዘዘ? 2 ጊዜ 2 ጊዜ 3 ጊዜ 5፤ 60 አዘዘ። 60 ደግሞ የቁጥራችን አካፋይ ነው። ምንም ሳይጨምር «ባዶ ሻይ» ያለው 1ን አዘዘ። «ያለሽን ሁሉ አምጪ» ያለው ራሱን 720720ን አዘዘ። እያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ አካፋይ፣ እያንዳንዱ አካፋይ አንድ ትእዛዝ። 240 አካፋይ።

ይሄ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? በጣም ብዙ ነው። ከ720720 በታች ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ፣ በሙሉ ስል በሙሉ፣ ብትፈትሹ 240 አካፋይ ያለው አንድም አታገኙም። 240 ለመድረስ የመጀመሪያው እሱ ነው። እንዲህ ከሱ በታች ያሉትን ሁሉ በአካፋይ ብዛት የሚበልጡትን ቁጥሮች ሕንዳዊው ራማኑጃን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው ጥናት መረመራቸው። ከመቶ በላይ ዘረዘረ፤ ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን! የኛ ቁጥር ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ያ ሁሉ ስሌት ውስጥ ራማኑጃን አንዷን ሳያያት አልፏታል፤ 293318625600ን። ራማኑጃን! ይህን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እፈልገዋለሁ።

አካፋይ መብዛቱ ምን ያደርጋል? እንበልና የ720720 ብር እቁብ ወጣ። አንድ ሰው ብቻውን ቢወስደው ደስታው ነው። ሁለት ሆናችሁ ተካፈሉት። ሦስት ሁኑ። አራት ሁኑ፤ ለእያንዳንዱ 180180። ሰባት ሁኑ፤ 102960። ዘጠኝ ሁኑ፤ 80080። ዐሥራ አንድ ሁኑ፤ 65520። ዐሥራ ሦስት ሁኑ፤ 55440። ዐሥራ ስድስት ሁኑ፤ 45045። ከአንድ እስከ ዐሥራ ስድስት ስንት ብትሆኑ አንዲት ሳንቲም አትተርፍም። ለዚህ የሚበቃው ትንሹ ገንዘብም ይሄው ነው፤ ከ720720 ብር አንድ ብር እንኳ ቢያንስ ከአንዳችሁ ጋር ይጣላል። ትምህርት ቤት «ትንሹ የጋራ ብዜት» እየተባለ የሚያሰለቻችሁ ነገር ማለት ይሄ ነው፤ ከ1 እስከ 16 ላሉት ሁሉ ትንሹ የጋራ ብዜት።

ዐሥራ ሰባተኛው ሰው ሲመጣ 5 ብር ትተርፋለች። ጭቅጭቁም ይጀመራል።

አባቴ ሲሞት እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። 12 በግ ትቶ ነው የሞተው፤ ልጆቹ 7 ነን። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ በግ ደረሰን፤ አምስት ተረፈ። በነዚያ አምስት በጎች ምክንያት ታላላቆቼ ለስንት ወር እንደተኳረፉ ብነግራችሁ አታምኑኝም። እናቴ መጨረሻ ላይ ሲሰለቻት «ለተዝካሩ ይታረዱ» አለች፤ ታረዱ። ስለ ቀሪ ከመምህር የተማርኩት በኋላ ነው፤ የገባኝ ግን ያኔ ነው።

ይህን ጉዳይ ከኛ በፊት ያሰበበት ሰው አለ። የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶ፣ ስለ ሕግጋት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ አንድ አዲስ ከተማ ሲመሠረት ስንት አባወራ ይኑረው ብሎ ይጠይቃል። እንደኛ ኮንዶሚኒየም ማለት ነው፤ ስንት ብሎክ፣ ስንት ቤት። ምን ብሎ መለሰ? 5040። ለምን? መሬት ሲከፋፈል፣ ግብር ሲጣል፣ ለጦርነት ሲዘመት ሕዝቡን በየቡድኑ ማካፈል አለና! 5040 ከራሱ በቀር 59 አካፋይ አለው፤ ከ1 እስከ 10 ላሉት ሁሉ ይካፈላል፣ ለ12ም። 11 ብቻ አስቸገረው። መፍትሔውንም አስቀምጧል፤ ከ5040 ላይ ሁለት ቤት ቀንስ፣ ለ11 ይካፈልልሃል። እውነቱን ነው፣ 5038 ለ11 ሲካፈል 458 ነው። የቤቶች አስተዳደር ውስጥ ቢሠራ ጥሩ ሰው ይወጣው ነበር። ግን እነዚያ ሁለት ቤቶች የት ይሂዱ? ይህን አይነግረንም!

እኛ ቤት ሳንቀንስ እንችላለን። 5040ን በ11 አብዙት፣ በ13 አብዙት። ስንት መጣ? አያችሁ? 720720። የፕላቶን ከተማ ላዩ ላይ 11ና 13 ጨምሮ የወሰደ ቁጥር ነው።

ስለ ማካፈል ካነሳሁ አይቀር፣ የተቀመጣችሁባቸውን ወንበሮች ልንገራችሁ። እድሩ ወንበር ሲገዛ ኮሚቴው «ሃምሳ እንግዛ፣ ደፍነን» አለ። እኔ ደግሞ 48 ይበቃል ብዬ ሞገትኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ! ገንዘብ የቆጠብኩ መስሏቸው ነበር። 50 ወንበር እኩል ረድፍ አድርጎ ለመደርደር አካፋዩ 6 ብቻ ነው፤ ለሦስት ረድፍ አይሆን፣ ለአራት አይሆን፣ ለስምንት አይሆን። 48 ግን 10 አካፋይ አለው። ሁለት ወንበር ቀንሰን ብዙ ዓይነት አደራደር አገኘን። ለቅሶ ቤት ድንኳኑ ጠባብ ሲሆን፣ ሰፊ ሲሆን፣ ረዥም ሲሆን፣ ወንበራችን እሺ ይላል። ዛሬ ግማሹ ሰው ቆሞ ስለሆነ ግን «ሃምሳ ብለን ነበር» የምትል ዓይን ከዚያ ማዶ እያየኋት ነው። (ሳቅ)

ስለ አጥንቱ አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ልለፍ። አካፋዮቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው። 60 ካለ ከጎኑ 12012 አለ፤ ሁለቱ ሲባዙ ቁጥራችን ይመጣል። 240 ስለሆኑ 120 ጥንድ ናቸው። ከጥንዶቹ ሁሉ በጣም የሚቀራረቡት 840 እና 858 ናቸው። ይህን ቁጥር በካሬ ሜትር መሬት አድርጋችሁ ብታስቡት፣ በአንድ ጎን 840 ሜትር፣ በሌላው 858 ሜትር የሆነ፣ አራቱም ጎኑ እኩል ሊሆን 18 ሜትር የጎደለው መሬት ነው። ወደ 72 ሄክታር። ድሮ እዚህ ሽምብራ ይዘሩ የነበሩት አባቶች ቢሰሙኝ በስንት ጥማድ እንደሚታረስ ወዲያው ይነግሩኝ ነበር።

አሁን ሦስተኛው። ጎረቤቶቹ።

ጎረቤት ስል ከታቹ ያለውን 720719ን፣ ከላዩ ያለውን 720721ን ነው። ከላዩ ባለው ልጀምር፤ የኔ ውርደት እዚያ ነው ያለው።

በ1989 ዓ.ም. ነው፣ አቃቂ አካባቢ በአንድ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ዓርብ ነው፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ። ልክ እንደዛሬው 720720ን ጽፌ፣ አፍርሼ፣ ተማሪው ሁሉ ተደንቆ፣ እኔም በራሴ ተደንቄ! አንድ ጨመርኩበት። 720721። «ይሄስ?» አልኩ። ለ2 ቢካፈል 1 ይተርፋል። ለ3 ቢካፈል 1 ይተርፋል። ለ5፣ ለ7፣ ለ11፣ ለ13፣ ሁልጊዜ 1 ይተርፋል። እስከ 16 ድረስ አንድም አይነካውም። «ስለዚህ ልጆች» ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ይሄ ብቸኛ ቁጥር ነው!» ብዬ ሰሌዳው ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ደወል ተደወለ። ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ አንዲት ልጅ በሩ ላይ ቆማለች። ከኋላ የምትቀመጥ፣ በዓመቱ ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ። የደብተር ቅጠል ይዛለች፣ ሰም የተንጠባጠበበት፤ ቅዳሜና እሑድ መብራት ጠፍቶ ነበርና በሻማ ነው የሠራችው። ቅጠሉን አላሳየችኝም። እንዲህ ብቻ አለችኝ፦ «ቲቸር፣ 71ስ?»

«71 ምን?»

«71 አካፈለው።»

እንግዲህ መምህር ነኝ፣ አርባ ስምንት ተማሪ ያየኛል። ጠመኔ አነሳሁ። 71 ጊዜ 10151። 10151ን በ70 አበዛሁ፣ 710570። አንድ 10151 ጨመርኩ።

720721።

ሁለት ጊዜ ያሰመርኩበት መስመር ከዓርብ ጀምሮ አልጠፋም ነበር፣ እዚያው ሰሌዳው ላይ ነው። ጽዳት የነበረው ልጅ ሰሌዳውን አላጸዳም። (ሳቅ) ሳቁ፣ ሳቁ፤ እነሱም ስቀዋል።

ልጅቷ ምን አደረገች? እኔ 13 ላይ አቆምኩ፤ እሷ አላቆመችም። ቀጣዩን ብቸኛ ቁጥር 17ን ሞከረች፣ ቀሪ አለው። 19ን፣ 23ን፣ 29ን፣ 31ን... እያለች 67 ደረሰች። እምቢ አላት። ዐሥራ አራተኛው ሙከራ 71 ነበር። ረዥም ማካፈል፣ በእጅ፣ በሻማ፣ ዐሥራ አራት ጊዜ።

እኔስ ምን ማድረግ ነበረብኝ? 849 በራሱ ሲባዛ 720801 ነው፤ ከቁጥራችን አለፈ። ስለዚህ 720721 ብቸኛ ነው ለማለት ከ849 በታች ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ መሞከር ነበረብኝ። እነሱ 146 ናቸው። እኔ ከ146ቱ 6 ሞክሬ ፈረድኩ። ስድስት ምስክር ሰምቶ መቶ አርባውን ከበር የመለሰ ዳኛ በሉኝ።

የሚያሳዝነው ደግሞ ነገሩን በትክክል ያስቀመጠው ሰው ከጥንት አለ። ኤውክሊድ፣ የእስክንድርያው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ። እንዲህ ነው ያለው፦ የምታውቃቸውን ብቸኛ ቁጥሮች ሰብስብ፣ አባዛቸው፣ አንድ ጨምር። የሚመጣው ቁጥር ለምታውቃቸው አይካፈልም፤ ሁልጊዜ 1 ይተርፋል። ስለዚህ ወይ ራሱ አዲስ ብቸኛ ነው፣ ወይ ደግሞ የማታውቃቸው ብቸኛ ቁጥሮች አሉበት። «ወይ» ብሏል! ኤውክሊድ ያላትን ያቺን ሁለተኛዋን «ወይ» ነው እኔ የዋጥኳት። 71ና 10151 ሁለቱም ብቸኛ ናቸው፣ ሁለቱም እኔ ከቆጠርኳቸው ውጭ ናቸው። ኤውክሊድ ትክክል ነው፣ ልጅቷ ትክክል ናት፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ራማኑጃንን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነበር፤ እሱ እንኳ አንዷን ስቷታል ብዬ ራሴን ለማጽናናት። ግን እሱ የሳተው አድካሚ ስሌት ሠርቶ ነው፤ እኔ ደግሞ ዓርብ ስለነበር ነው።

ታሪኩ አላለቀም። ረቡዕ ዕለት ያቺው ልጅ ሌላ ቅጠል ይዛ መጣች። ከታች ያለውን ጎረቤት፣ 720719ን አፍርሳዋለች። 31 ጊዜ 67 ጊዜ 347። ማንም አላዘዛትም። ያን ቀን ጠመኔውን ሰጠኋትና እኔ እሷ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

እዚያ የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው ይህን ያየሁት፤ ስሙኝ፣ ይሄ ያምራል። 720720 ለ2 ይካፈላል፣ ስለዚህ ሁለት ስትጨምሩበትም ለ2 ይካፈላል። ሦስት ስትጨምሩ ለ3። አራት ስትጨምሩ ለ4። እንዲህ እንዲህ እያለ ዐሥራ ስድስት ስትጨምሩ ለ16። ስለዚህ ከ720722 እስከ 720736 ድረስ አንድም ብቸኛ ቁጥር የለም፤ ዐሥራ አምስቱም ተይዘዋል። ወደ ታች ስትቀንሱም እንዲሁ ነው፤ ከ720718 እስከ 720704፣ ዐሥራ አምስት። መሃል ላይ የቀሩት ማን ናቸው? ራሱ ቁጥራችንና ሁለቱ ጎረቤቶቹ። እኔ እንዳልኩት ቢሆን ኖሮ መሃል ላይ አንድ መብራት ይኖር ነበር። ልጅቷ ግን በሁለት ቅጠል ሁለቱንም አጠፋቻቸው። ከ720704 እስከ 720736፣ 33 ቁጥር በተከታታይ፣ አንድም ብቸኛ የለም! ሌሊት በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ስትሄዱ የክፍያ ጣቢያውን ካለፋችሁ በኋላ የሚመጣውን ጨለማ ታውቁት የለ? እሱን ነው የመሰለኝ።

ያቺ ልጅ አሁን የት እንዳለች ትጠይቁኛላችሁ። ክፍለ ሀገር ሄዳለች፣ የልጆች እናት ናት። ባለፈው ፋሲካ ደውላልኝ ነበር። ስለ 71 አላነሳችም፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት። «ቲቸር፣ እስካሁን?» ብላ ሳቀችብኝ።

እሺ። ዝናቡም አባርቷል፣ እህታችንም ሻይዋን አፍልታለች። የቤት ሥራ ሳልሰጥ አልሄድም፣ የድሮ አመሌ ነው። ለልጆች ነው፤ ወላጆችም ከፈለጋችሁ አልከለክልም። ዐሥራ ሰባተኛው ሰው እንዳይከፋ እቁቡን በ17 አብዙት፤ 12252240 ይመጣል። አንድ፣ ይሄ ለ18ም ይካፈላል፤ እኔ ግን ያበዛሁት በ17 ብቻ ነው። 18 ከየት መጣ? ሁለት፣ ስንት አካፋይ አለው? ፍንጭ ልስጣችሁ፤ እህታችን ሻዩ ላይ አንድ አዲስ ነገር፣ ቀረፋ በሉት፣ ጨምራለች። በስልክ ሳይሆን በእጁ ሠርቶ መጪው ቅዳሜ ይዞልኝ የሚመጣ ልጅ የፈለገውን ትእዛዝ በኔ ሒሳብ ይጠጣል። ከነቦንቦሊኖው።

አሁን ልጆች፣ ተነሱና ወንበሮቹን ሰብስቡልኝ። ስድስት ቦታ፣ ስምንት ስምንት እያደረጋችሁ ደራርቡ። አንድ እንኳ ቢተርፋችሁ ከጎረቤት ቤት የመጣ ወንበር አለ ማለት ነው፤ ለባለቤቱ መልሱ።